የተራራ በረዶ ግግር ባሕርን ምን ያህል ከፍ አደረገ? የመለኪያ ዘዴ አመራረጥ መመሪያ

የተራራ በረዶ ግግር ሲቀልጥ የባሕር ጠለል በስንት እንደጨመረ በቀጥታ የሚያሳይ መሣሪያ የለም። ያሉት መንገዶች አምስት ናቸው፦ ግግሩ ላይ ዘንግ ተክሎ በየዓመቱ ማንበብ፣ የሁለት ዘመን የከፍታ ሞዴሎችን፣ ማለትም የወለሉን ከፍታ ነጥብ በነጥብ የሚያሳዩ ዲጂታል ካርታዎችን፣ አንዱን ከሌላው መቀነስ፣ ከሳተላይት በሌዘር ወይም በራዳር ከፍታ መለካት፣ የመሬትን ስበት ለውጥ መከታተል፣ ባሕር ላይ በሚያልቁ ግግሮች ደግሞ የሚገባውንና የሚወጣውን በረዶ ማስላት። አምስቱም ትክክለኛ ናቸው፤ ያለ ቦታቸው ከገቡ ግን አምስቱም ያሳስታሉ።

ብዙ ሰው ዘዴ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው የመሣሪያውን ጥራት ነው። ውጤቱን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። የተለካው ቦታ ያልተለካውን ይወክላል ወይ? የከፍታው ለውጥ ወደ ክብደት ሲቀየር የተወሰደው እፍግታ ስንት ነው? የቀለጠውስ ውሃ በእርግጥ ባሕር ደርሷል? ምርጫው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መመራት አለበት። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የጋራ መለኪያው

የትኛውም ዘዴ ቢመረጥ መድረሻው አንድ ነው፤ በዓመት ስንት ጊጋቶን በረዶ እንደጠፋ ማወቅ። አንድ ጊጋቶን አንድ ቢሊዮን ቶን ሲሆን፣ በውሃ ሲታሰብ አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ይሆናል። የውቅያኖሶች ስፋት 362 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የባሕርን ጠለል በአማካይ በ1 ሚሊ ሜትር ከፍ ለማድረግ 362 ጊጋቶን ውሃ ያስፈልጋል። ስለዚህ የተገኘውን ጊጋቶን ለ362 ማካፈል በቂ ነው።

ውጤትዎ ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ለማወቅ የሚከተሉትን ቁጥሮች ይያዙ። ከግሪንላንድና ከአንታርክቲካ ታላላቅ የበረዶ ንጣፎች ውጭ በዓለም ላይ ከ200,000 በላይ የበረዶ ግግሮች አሉ፤ ድምር ስፋታቸው 700,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግላምቢ የተባለው ዓለም አቀፍ የንጽጽር ሥራ በ2025 ባወጣው ውጤት፣ ከ2000 እስከ 2023 ግግሮቹ በአማካይ በዓመት 273 ጊጋቶን (±16) አጥተዋል። ይህ በዓመት 0.75 ሚሊ ሜትር፣ በጠቅላላው ደግሞ 18 ሚሊ ሜትር ያህል የባሕር ከፍታ ማለት ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ በዓመት 231 ጊጋቶን የነበረው በሁለተኛው አጋማሽ 314 ደርሷል። የአንድ ክልል ውጤትዎ ለብቻው ከዓለም ድምር ግማሽ ከሆነ፣ ክልሉ አላስካ ቢሆን እንኳ አንድ ቦታ ስህተት አለ፤ ከሁሉም በላይ የሚያጣው የአላስካ ድርሻ ሩብ አካባቢ ነው።

አሃድ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። «ሜትር በረዶ» እና «ሜትር የውሃ አቻ» አንድ አይደሉም፤ 1 ሜትር ጠጣር በረዶ 0.9 ሜትር ውሃ ገደማ ነው። የውሃ አቻውን በሜትር፣ የግግሩን ስፋት በካሬ ኪሎ ሜትር አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ጊጋቶኑን ይሰጣል። ሌላው መሰናክል የዓመቱ አጀማመር ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የግግር ዓመት ከጥቅምት መባቻ እስከ መስከረም መጨረሻ በፈረንጆቹ ወራት ይቆጠራል፤ የስበት ሳተላይት ሠንጠረዦች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጥር እስከ ታኅሣሥ ናቸው። ሁለቱን ሳያስተካክሉ ማነጻጸር የአንድ ክረምት በረዶ ወደ ተሳሳተው ዓመት ይጨምራል።

በዘንግና በጉድጓድ መለካት

ጥንታዊው ዘዴ ይህ ነው። በስዊድን ያለው ስቶርግላሲየረን የተባለው ግግር ከ1945/46 ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚለካው በዚህ መንገድ ነው። መቀመጫው ዙሪክ የሆነው የዓለም የበረዶ ግግር ክትትል አገልግሎት መረጃውን ከየአገሩ ይሰበስባል።

ሥራው እንዲህ ነው። በረዶው በሚቀልጥበት የታችኛው ክፍል በእንፋሎት መሰርሰሪያ ጉድጓድ ይቆፈራል። በአንድ የበጋ ወቅት ብዙ ሜትር የሚቀልጥ ከሆነ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 10 ሜትር ይሁን፤ አለበለዚያ ዘንጉ ወቅቱ ሳያልቅ ይወድቃል። ዘንጉ ባለ 2 ሜትር ቁራጮች ተቀጣጥለው የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ለመሸከም ይቀላል፣ በረዶው ሲወርድም ላይኛው ቁራጭ ይነቀላል። ከበረዶው በላይ የቀረው ርዝመት በወቅቱ መጀመሪያና መጨረሻ ይነበባል። መጀመሪያ 1.40 ሜትር የነበረው 3.90 ከሆነ 2.50 ሜትር በረዶ ቀልጧል፤ በ0.9 ሲባዛ 2.25 ሜትር የውሃ አቻ ነው።

በረዶ በሚከማችበት የላይኛው ክፍል ዘንግ ብቻውን አይበቃም። ያለፈው በጋ እስከተወው የቆሸሸ ወይም የጠነከረ ንጣፍ ድረስ ጉድጓድ ይቆፈርና፣ በየንጣፉ ይዘቱ በታወቀ ቱቦ ናሙና ተወስዶ ይመዘናል። 3 ሜትር ጥልቀት ያለውና በሜትር ኩብ 450 ኪሎ ግራም የሚመዝን በረዶ 1.35 ሜትር የውሃ አቻ ይሰጣል። ከጉድጓዱ ውጭ ያለው ጥልቀት በቀጭን ዘንግ እየተወጋ ይሞላል። ያለፈው በጋ ንጣፍ በደንብ ካልተለየ ግን የሁለት ዓመት በረዶ እንደ አንድ ዓመት ይቆጠራል። በመጨረሻ ግግሩ በከፍታ እርከን ይከፈላል፤ የእያንዳንዱ እርከን ውጤት በስፋቱ ይባዛል፣ ይደመራል፣ ለጠቅላላው ስፋት ይካፈላል። ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ለሆነ ግግር በደንብ የተሰራጩ ከ5 እስከ 10 ዘንጎች አብዛኛውን ጊዜ ይበቃሉ።

የሚበላሸው ብዙ ነው። የጉድጓዱ ታች ካልተደፈነ ዘንጉ በራሱ ክብደት ይሰምጣል፤ ቅልጠቱም ከእውነቱ ያንሳል። ብረት ፀሐይ ሲያገኘው ይሞቅና በዙሪያው ያለውን በረዶ ያቀልጣል፤ ስለዚህ ንባቡ ከዘንጉ ሥር ካለው ሰርጎድ ሳይሆን ከአካባቢው አማካይ ወለል መወሰድ አለበት። በግግሩ ውስጥና ከሥሩ የሚቀልጠው አይታይም። ስንጥቅ የበዛበትና ናዳ የሚወርድበት ቦታ ለሰው ስለማይደፈር ሳይለካ ይቀራል።

ከሁሉ የከፋው ግን ወደ አንድ ወገን የሚያደላ ስህተት ነው። በየዓመቱ በዘፈቀደ የሚመጣ 0.1 ሜትር ስህተት በ20 ዓመት ውስጥ እርስ በርሱ እየተጣፋ 0.45 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በየዓመቱ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ 0.1 ሜትር ግን 2 ሜትር ይሆናል፤ ዘንጉን ደጋግሞ በማንበብም አይገኝም።

ለባሕር ጠለል ስሌት ሌላ ድክመት አለ። ከ200,000 በላይ ግግሮች ውስጥ በዘንግ የተለኩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም የተመረጡት አነስተኛና ለመድረስ ቀላል ስለሆኑ ነው። ከ2003 እስከ 2009 ያለውን ጊዜ የመረመረ በ2013 የወጣ ጥናት፣ ከእነዚህ ተነስቶ ለክልል ሲሰላ ጥፋቱ ሳተላይቶቹ ካሳዩት የበለጠ እንደሚሆን አሳይቷል። ስለዚህ ዘንግን ለአንድ ክልል ጊጋቶን ብቸኛ ምንጭ አያድርጉት። ዘንግ የማይተካበት ቦታ ግን አለ፤ የትኛው ዓመት ከየትኛው እንደከፋ፣ የክረምቱ ክምችትና የበጋው ቅልጠት ለየብቻ ስንት እንደሆኑ የሚነግረን እሱ ነው።

የከፍታ ሞዴሎችን መቀነስ

ለባሕር ጠለል ጥያቄ አንድ ዘዴ ብቻ መምረጥ ካለብዎ ይህን ይምረጡ። በ2021 የወጣው ከ217,000 በላይ ግግሮችን አንድ በአንድ የለካ ጥናት የተሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ከ2000 እስከ 2019 በዓመት 267 ጊጋቶን (±16) መጥፋቱን፣ ይህም በዚያ ጊዜ ከታየው የባሕር ጠለል ጭማሪ አንድ አምስተኛ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የግግሩ ወለል በሙሉ ይለካል፣ ሰው የማይደርስበትም ይካተታል፣ ስህተቱም ከዓመት ዓመት አይደመርም።

መጀመሪያ የሚወሰነው የጊዜው ርዝመት ነው። በዓመት 0.8 ሜትር የሚሳሳ ግግር በ3 ዓመት 2.4 ሜትር ይወርዳል። በሁለቱ ሞዴሎች መካከል ሳይታረም የቀረ 1 ሜትር ልዩነት ካለ ውጤቱ ከ40 በመቶ በላይ ይዛባል። ጊዜው 15 ዓመት ቢሆን ያው 1 ሜትር 8 በመቶ ብቻ ነው። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይምረጡ፤ ከ5 ዓመት በታች አይውረዱ። ሁለቱም ሞዴሎች ከበጋው መጨረሻ ቢሆኑ መልካም ነው፤ አንዱ የክረምት ከሆነ የወቅቱ በረዶ እንደ ግግር ይቆጠራል።

ከዚያ የመረጃው ምርጫ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ያዋጣል።

ቴራ በተባለው ሳተላይት ላይ ያለው አስተር የተባለ ካሜራ ከ2000 ጀምሮ ጥንድ ምስሎችን ያነሳል፤ በነጻ ይገኛል፣ የዓለምን ግግሮችም ይሸፍናል። አንድ ነጠላ የአስተር ሞዴል ግን እስከ 10 ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል፣ ሁለት ብቻ ወስዶ መቀነስ አይመከርም። በደርዘን የሚቆጠሩትን በጊዜ ቅደም ተከተል አሰልፎ በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ አዝማሚያውን ማውጣት ያስፈልጋል።

ኤስአርቲኤም የተባለው የከፍታ ሞዴል የተሠራው በየካቲት 2000 በጠፈር መንኮራኩር ላይ በተጫነ ራዳር ነው። ከ60 ዲግሪ ሰሜን እስከ 56 ዲግሪ ደቡብ ብቻ ስለሚደርስ ስቫልባርድና የካናዳ አርክቲክ ግግሮች በአብዛኛው አይገኙበትም። ከባዱ ችግር ሌላ ነው፤ የራዳሩ ሞገድ ደረቅና ቀዝቃዛ በረዶን ብዙ ሜትር ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ የ2000 ወለል ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ በኋላ ከተነሳ የብርሃን ምስል ጋር ሲነጻጸር ጥፋቱ ያንሳል። የላይኛው የክምችት ክፍል በዚህ በጣም ይጎዳል። የራዳር ሞዴልን ከራዳር ጋር፣ ቢቻል በተመሳሳይ የሞገድ ርዝመትና ወቅት፣ ማነጻጸር ስህተቱን ይቀንሳል።

ከ2010 ጀምሮ የሚሠራውን የጀርመን የራዳር ሳተላይት ታንዴም-ኤክስ ደመና አያግደውም። ከእሱ የተሠራው ኮፐርኒከስ የከፍታ ሞዴል ግን የብዙ ዓመት ምስሎች ድብልቅ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ተሰጥቶት ለቅነሳ መዋል የለበትም። ክፍተታቸው ከሌላ ዘመን መረጃ በተሞላ የኤስአርቲኤም ቅጂዎች ላይም ይኸው ጥንቃቄ ይሠራል። ለዋልታ አካባቢዎች አርክቲክ ዴም (ለአርክቲክ) እና ሬማ (ለአንታርክቲካ) የተባሉት የከፍታ ሞዴሎች በ2 ሜትር ጥራትና በየቀናቸው ተለይተው በነጻ ይገኛሉ። ፕሌያድ ከተባሉት የፈረንሳይ ሳተላይቶች የሚገኘው ምስል እጅግ ጥሩ ቢሆንም ለሰፊ ክልል ወጪው ይከብዳል። ከ2000 በፊት መሄድ የሚፈልግ ደግሞ የድሮ የአየር ፎቶዎችንና በ1970ዎቹ የተነሱትን ምስጢራዊነታቸው የተነሳ የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ምስሎች መጠቀም ይችላል።

ቀጥሎ የስሌቱ ሥራ፦

1. ሁለቱም ሞዴሎች ከፍታን ከአንድ መነሻ እንደሚለኩ ያረጋግጡ። አንዱ ከኤሊፕሶይድ (ለስላሳ የሒሳብ የመሬት ቅርጽ)፣ ሌላው ከጂኦይድ (በስበት ከሚወሰነው አማካይ የባሕር ወለል) ከለካ ልዩነቱ በአስር ሜትሮች ይቆጠራል።

2. በረዶ በሌለበት አለታማ መሬት ላይ ሁለቱን ያጣጥሙ። በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 10 ሜትር ወደ ጎን መንሸራተት ወደ 5.8 ሜትር የከፍታ ስህተት ይሆናል። መንሸራተት መኖሩ የሚታወቀው የከፍታው ልዩነት ተዳፋቱ ፊቱን ወደሚያዞርበት አቅጣጫ እየተከተለ ሲወጣና ሲወርድ ነው፤ በልዩነቱ ካርታ ላይ ተራሮቹ በአንድ ጎናቸው ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ሆነው ከታዩ ገና አልተጣጣሙም። ኤክስዴም የተባለው ነጻ የፓይተን መሣሪያ ይህን ይሠራል።

3. ይቀንሱ። የማይመስሉ ቁጥሮችን ያውጡ፤ ግን በጭፍን አይሁን። ድንገት ወደፊት በሚገፉ ግግሮች ላይ የታችኛው ጫፍ በብዙ አስር ሜትር ሊወፍር ይችላል፤ እሱ እውነት ነው።

4. ክፍተቶችን በዚያው ከፍታ እርከን አማካይ ይሙሉ። ክፍተት የሚበዛው ነጭና ልሙጥ በሆነው የላይኛው ክፍል ነው፤ ምስሉ እዚያ ምንም የሚጨበጥ ምልክት አያገኝም። ክፍተቱን በጠቅላላው የግግሩ አማካይ መሙላት የታችኛውን ፈጣን መሳሳት ወደ ላይ ይወስደዋል፤ ጥፋቱም ይጋነናል።

5. ይዘቱን ከትልቁ የቀድሞ ወሰን ላይ ያስሉ፤ አማካይ የውሃ አቻ ሲያወጡ ግን የሁለቱን ዘመን ስፋት አማካይ ይጠቀሙ። የወሰን መስመሮቹን ከራንዶልፍ የግግር መዝገብ ማግኘት ይቻላል፤ የተነሱበትን ዓመት ሳያዩ ግን አይውሰዷቸው።

6. ወደ ክብደት ይለውጡ።

የመጨረሻው እርምጃ ቀላል ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ትልቁ የውሳኔ ቦታ ነው። የወረደው ከፍታ ጠጣር በረዶ ከሆነ በሜትር ኩብ 900 ኪሎ ግራም ነው። ፊርን፣ ማለትም ካለፉት ዓመታት ተርፎ ገና ጠጣር ያልሆነው በረዶ፣ ከዚያ በጣም ያንሳል፤ የወቅቱ በረዶማ ግማሹንም ላይደርስ ይችላል። የተለመደው ቁጥር 850 ኪሎ ግራም (±60) ነው። ይህ ቁጥር የሚሠራው ጊዜው ከ5 ዓመት ሲበልጥ፣ ግግሩ የፊርን ክፍል ሲኖረውና የይዘቱ ለውጥ ከዜሮ በግልጽ ሲርቅ ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ልዩነት 850ን መውሰድ መሠረት የለውም።

በምሳሌ እንየው። 40 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላቸው ግግሮች በ15 ዓመት በአማካይ 12 ሜትር ቢሳሱ፣ የጠፋው ይዘት 0.48 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ነው። በ0.85 ሲባዛ 0.408 ጊጋቶን፤ በዓመት 0.0272 ጊጋቶን፤ ለ362 ሲካፈል 0.000075 ሚሊ ሜትር። ቁጥሩ ኢምንት ቢመስልም የዓለም ድምር የተገነባው ከእንዲህ ዓይነት ኢምንቶች ነው።

ስለ ስህተት ህዳግ አንድ ማሳሰቢያ፦ ጎረቤት ፒክስሎች አብረው ይሳሳታሉ። መቶ ሺህ ፒክስል አለኝ ብሎ ስህተቱን ለመቶ ሺህ ካሬ ሥር ማካፈል የማይታመን ጥቃቅን ህዳግ ይሰጣል። ስህተቱ እስከ ስንት ኪሎ ሜትር ተያይዞ እንደሚሄድ በማይለወጠው መሬት ላይ ይለኩና ነጻ ናሙናዎችን በዚያ ይቁጠሩ።

ሌዘርና ራዳር ከጠፈር

በመስከረም 2018 የመጠቀው አይስሳት-2 በስድስት የሌዘር ጨረሮች በየ70 ሴንቲ ሜትሩ ከፍታ ይለካል። ነጥብ በነጥብ ሲታይ ከየትኛውም የከፍታ ሞዴል ይበልጣል። የሚያየው ግን መስመር እንጂ ወለል አይደለም፤ የጨረር ጥንዶቹ 3.3 ኪሎ ሜትር ተራርቀው ያልፋሉ፣ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ያለ ግግር በመካከላቸው ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ከዋልታ ክልሎች ውጭ ደግሞ ሳተላይቱ ሆን ተብሎ ወደ ጎን እየታጠፈ ስለሚለካ ያንኑ መስመር አይደግምም። ስለዚህ በመካከለኛ ኬክሮስ ተራሮች ላይ ነጥቦቹን እርስ በርስ ሳይሆን ከአንድ ጥሩ የከፍታ ሞዴል ጋር አነጻጽሮ ክልሉን በከፍታ እርከን መደመር ነው የሚያዋጣው። ደመና ሌዘሩን ያግደዋል።

በሚያዝያ 2010 የመጠቀው የራዳር ሳተላይት ክራዮሳት-2 ደመና አያስቸግረውም፤ እንደ አይስላንድና የካናዳ አርክቲክ ባሉ ሰፋፊና ገር ተዳፋት ባላቸው የበረዶ ቆቦች ላይ ጠንካራ ነው። ገደላማ ተራራ ላይ ግን የሚመለሰው ምልክት ከየትኛው ተዳፋት እንደመጣ መለየት ይከብዳል፤ በደረቅ በረዶ ውስጥም ዘልቆ ይገባል።

መስመር ብቻ መለካት የሚያስከትለውን ከአላስካ እንማራለን። ቀደም ያለው ግምት በግግሮቹ መካከል ለመካከል ከአውሮፕላን በተነሱ የሌዘር መስመሮች ላይ የተመሠረተ ነበር። በ2010 ሙሉውን ወለል የሸፈነ የሳተላይት ጥናት ጥፋቱ ከዚያ በ34 በመቶ እንደሚያንስ አሳየ። የመካከሉ መስመር ከዳርቻው በፍጥነት ይሳሳል፣ የድንጋይ ሽፋንም የታችኛውን ክፍል ይከላከላል። ሌዘሩ የለካው ልክ ነበር፤ ስህተቱ የመጣው ያ ልኬት ለሁሉም ቦታ ሲዘረጋ ነው።

ስበት

ግሬስ የተባሉት ጥንድ ሳተላይቶች ከመጋቢት 2002 እስከ 2017፣ ተተኪዎቻቸው ደግሞ ከግንቦት 2018 ጀምሮ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው ይበርራሉ። ከታች ያለው ክብደት ሲለወጥ በመካከላቸው ያለው ርቀት በማይክሮ ሜትር ደረጃ ይለወጣል። ይህ ዘዴ እፍግታ መገመት አያስፈልገውም፤ ክብደቱን በቀጥታ ይሰጣል፣ ያውም በየወሩ። ለባሕር ጠለል ከዚህ የተሻለ ምን አለ ሊያስብል ይችላል።

ችግሩ የሚያየው ነገር ከ300 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መሆኑና በረዶን ከሌላ ክብደት አለመለየቱ ነው። ከርሰ ምድር ውሃ፣ ሐይቅ፣ የአፈር እርጥበት፣ ከሥር የሚነሳው የመሬት ቅርፊት ሁሉም በአንድ ቁጥር ይመጣሉ። በ2012 የወጣ የስበት ጥናት ከ2003 እስከ 2010 የእስያ ከፍተኛ ተራሮች በዓመት 4 ጊጋቶን ብቻ እንዳጡ ገለጸ፤ የስህተት ህዳጉ ግን ±20 ነበር፣ ቀደምት ግምቶችም ወደ 50 ይጠጉ ነበር። ከ2000 እስከ 2016 ያለውን ጊዜ በከፍታ ሞዴል የለካ የ2017 ጥናት 16.3 ጊጋቶን (±3.5) አገኘ። የመጀመሪያው ቁጥር ከህዳጉ ጋር ሲነበብ ከኋለኛው ጋር አይጋጭም። ህዳጉን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ መያዝ ነው ያሳሳተው። በዚያ አካባቢ በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ለመስኖ የሚሳበው የከርሰ ምድር ውሃ ምልክት ከግግሩ ጋር ይደባለቃል።

ስለዚህ ስበትን በረዶው ብዙና ተሰብስቦ በሚገኝበት ይጠቀሙ፤ አላስካ፣ የካናዳ አርክቲክ፣ ስቫልባርድ፣ የሩሲያ አርክቲክ፣ አይስላንድ፣ ፓታጎንያ። ለአልፕስ፣ ለካውካሰስና በምድር ወገብ አካባቢ ላሉ ትናንሽ ግግሮች አይሆንም። በአላስካና በፓታጎንያ መሬቱ ከቀድሞ የበረዶ ጭነት ተላቆ በአንዳንድ ቦታ በዓመት ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ይነሳል፤ ይህ ካልታረመ የሚነሳው አለት ክብደት የበረዶውን ጥፋት ይሸፍነዋል። ለጀማሪ የተዘጋጁትን የማስኮን ውጤቶች (የክብደት ለውጥ በየአካባቢው ተከፋፍሎ የተሰላባቸውን ሠንጠረዦች) መውሰድ ከራስ ስሌት ይሻላል፤ ግን የትኞቹ እርማቶች አስቀድመው እንደገቡ ማብራሪያውን አንብቦ ማወቅ ግድ ነው፤ አንዱን እርማት ሁለቴ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው። በ2017 እና በ2018 መካከል ያለውን አንድ ዓመት የሚጠጋ ክፍተት ቀጥ ባለ መስመር መሙላት ሙሉ የበጋ ቅልጠት ያጠፋል።

ባሕር ላይ ለሚያልቁ ግግሮች

በረዶ እየተሰበረ ባሕር በሚወድቅበት ቦታ መቅለጡን ብቻ መለካት አይበቃም። በግግሩ አፍ አጠገብ የሚያልፈው በረዶ ስፋት፣ ውፍረትና ፍጥነት ይባዛል። 3 ኪሎ ሜትር ስፋት፣ በአማካይ 300 ሜትር ውፍረትና በዓመት 1 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያለው በዓመት 0.9 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 0.81 ጊጋቶን ያስወጣል። ፍጥነቱ ከሳተላይት በጥሩ ጥራት ይገኛል። ደካማው ውፍረቱ ነው፤ በራዳር ካልተለካና በሞዴል ከተገመተ 30 በመቶ ስህተት በቀጥታ ወደ ውጤቱ ይገባል። ይህን ዘዴ ጥፋቱ ከአየር ሙቀት ወይስ ከመሰበር እንደመጣ ማወቅ ሲያስፈልግ ይምረጡ፤ ለጠቅላላ ድምር የከፍታ ሞዴል ይቀላል።

ከበረዶ ወደ ባሕር፦ የሚቀነሰው

የጠፋው በረዶ ሁሉ ባሕርን አያሳድግም። ከባሕር ጠለል በታች የነበረው የግግር ክፍል ቀድሞውንም የውሃ ቦታ ይዞ ነበር፤ ሲጠፋ ቦታውን የባሕር ውሃ ይሞላዋል። እንዲያውም በረዶ ከባሕር ውሃ ስለሚቀል ባሕሩ በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ይህን ክፍል ከድምሩ ያውጡት። ከቲየን ሻን፣ ከፓሚርና ከቲቤት ውስጠኛ ክፍል የሚወርደው ውሃ በከፊል ወደ ታሪም፣ ወደ አራልና ወደ ሌሎች መውጫ የሌላቸው ተፋሰሶች ስለሚገባ በቀጥታ ባሕር አይደርስም፤ የእስያን ድርሻ ያለዚህ ማስታወሻ መጻፍ ያሳስታል። አዳዲስ የግግር ሐይቆች የሚይዙት ውሃ ከዚህ አንጻር ትንሽ ነው።

ሌላው የድርብ ቆጠራ ነው። በግሪንላንድና በአንታርክቲካ ዳርቻ ያሉ ግግሮች በብዙ የግግር ድምሮች ውስጥ ይገባሉ፤ የስበት ሳተላይት ደግሞ ከታላቁ ንጣፍ ለይቶ አያያቸውም። የባሕር ጠለልን ሒሳብ ከየምንጩ ሲደምሩ እነዚህ በአንዱ በኩል ብቻ መቆጠራቸውን ያረጋግጡ።

እንግዲህ የትኛው?

ጥያቄው ስለ አንድ ግግርና በየዓመቱ ስለሚሰጠው ውሃ ከሆነ ዘንግ ይትከሉ፤ በየ10 ዓመቱም በከፍታ ሞዴል ያረጋግጡት። ሙሉ የተራራ ሰንሰለት በ20 ዓመት ውስጥ ለባሕር ያበረከተው ከሆነ የከፍታ ሞዴል ነው፤ ገንዘብ ከሌለ የተዘጋጀውን የአስተር ውጤት ይጠቀሙ። ከ2018 ወዲህ ያለው አጭር ጊዜ ከሆነ አይስሳት-2 ይረዳል፤ ግን እፍግታውን በፊርን ሞዴል እንጂ በ850 አይቀይሩት። ትልቅ የዋልታ ደሴት ወር በወር ከተፈለገ ስበት። የመላው ዓለም ቁጥር ከተፈለገ አዲስ ከመሥራት ይልቅ ዘዴዎቹን ያቀናጀውን የግላምቢ ውጤት መውሰድ ይሻላል።

ዘንግና የከፍታ ሞዴል ሲጋጩ የትኛውን ማመን? መጀመሪያ ግጭቱ እውነተኛ መሆኑን ይፈትሹ። በ10 ዓመት ዘንጉ 6.0 ሜትር፣ ሞዴሉ 7.5 ሜትር የውሃ አቻ ጥፋት አሳዩ እንበል። የዘንጉ የዘፈቀደ ስህተት በዓመት 0.2 ከሆነ በ10 ዓመት 0.63 ነው፤ የሞዴሉ 0.6 ቢሆን የጋራ ህዳጋቸው 0.87፣ በ95 በመቶ መተማመኛ 1.7 ይሆናል። ልዩነቱ 1.5 ስለሆነ በህዳጉ ውስጥ ነው፤ ምንም አያርሙ። ሞዴሉ 8.5 ቢያሳይ ኖሮ ልዩነቱ 2.5 ሆኖ ከህዳጉ ያልፍ ነበር፤ ያኔ በየዓመቱ 0.25 ሜትር በዘንጉ ተከታታይ ላይ ይጨመራል፤ የዓመት ዓመት ልዩነቱ እንዳለ ሆኖ ድምሩ ከሞዴሉ ጋር ይገጥማል። ያልታረመውም ተከታታይ አብሮ ይቀመጥ፤ በኋላ የተሻለ የከፍታ ሞዴል ሲመጣ እርማቱ እንደገና የሚሠራው ከእሱ ተነስቶ ነው።